ቤታችን ከተራራው ጋር የሄደ ክረምት

የተዳርሁት ከእስቴ ወደ ስማዳ ነው፤ ዘመኑ የጃንሆይ ነው። አባቴ በመካነ ኢየሱስ ገበያ ቃላቸው የሚከበር ገበሬ ነበሩና ለጠየቀው ሁሉ እንቢ እያሉ አቆይተውኝ፣ እኩዮቼ ልጅ አዝለው እኔ ገና ከእናቴ ጋር ጥጥ እፈትል ነበር። በመጨረሻ ከስማዳ ሽማግሌዎች መጡ። አባቴ ስለ ልጁ ዘር ጠይቀው ከጨረሱ በኋላ፣ ልጄ የምትገባበትን ቤት በዓይኔ ልየው አሉ። በቅሏቸውን አስጭነው ሄዱ፤ ሲመለሱ ፊታቸው በርቶ ነበር።

ቤቱ እውነትም የሚታይ ነበር። ባለቤቴ በጋ በመጣ ቁጥር ድንጋይ ሲፈልጥ ኖሮ የሠራው ነው። ግድግዳው ወፍራም ካብ፣ ምሰሶው ወይራ፣ በሩ ከዋንዛ የተጠረበ ሳንቃ። ከተራራው ወገብ ላይ ተቀምጦ ቆላውን ቁልቁል ያያል። እንግዳ ሲመጣ ባለቤቴ ደጃፉ ላይ ያለውን ድንጋይ በተረከዙ መታ መታ እያደረገ፣ ይኼ ቤት የቆመው አለት ላይ ነው ይል ነበር። እኔም አጠገቡ ቆሜ ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር። ጎተራችን ሙሉ ነው፤ ስፈትል የከረምሁት ጥጥ በሌማት ሞልቶ ሸማኔ ይጠብቃል፤ ምን ጎደለኝ?

የተጋባነው እንደ ብዙው ሰው በሰማንያ ነበር፤ በሽማግሌና በዋስ የሚታሰር፣ ካልተስማሙም በሽማግሌ የሚፈታ ጋብቻ ነው። ቁርባን፣ ማለትም ባልና ሚስት አብረው ሥጋ ወደሙን ተቀብለው ሞት እስኪለያቸው ላይፈቱ መተሳሰር፣ በእኛ አገር ጸጉራቸው የሸበተ ሰዎች ነገር ነበር። ወጣት ቆረበ ከተባለ አንድም ቄስ ሊሆን ነው፣ አንድም ታሞ ነው።

ክርስቲያንማ ነበርሁ። ማተብ ካንገቴ ተለይቶ አያውቅም፤ ረቡዕና ዓርብ እጾማለሁ፤ በማርያም ቀን ከአጥሩ ውጭ ቆሜ፣ በሩን ስሜ እመለሳለሁ። ግን እግዚአብሔር ለእኔ እንደ ሩቅ አገር ገዥ ነበር። ግብሩን በጊዜው አስገብቶ ከዓይኑ ራቅ ማለት ይበጃል ብዬ የማስብ ይመስለኛል። አማቴ ግን ሌላ ሰው ነበሩ። ባላቸው ሳይሞቱ አብረው ቆርበው ነበርና ቅዳሴ አይቀሩም፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም ከሠርግ ቤት እንደ መጣ ሰው ፊታቸው ይፈካል። ምን አግኝተው ነው እያልሁ እገረም ነበር እንጂ ጠይቄያቸው አላውቅም።

በዚያ ዓመት ክረምቱ ከረረ። ሐምሌ ሙሉ ዘነበ፤ ነሐሴ ገብቶ ፍልሰታ ሲያዝም አላባራም። አንድ ቀን በራችን አልገጥም አለ። ባለቤቴ እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ አብጦ ነው ብሎ ጠረበው። በማግስቱ ደግሞ አልገጥም አለ። ከቤታችን በላይ ያለችው ምንጭም ጭቃ ጭቃ የሚል ውሃ ታወጣ ጀመር። የክረምት ነገር ነው ብለን ዝም አልን።

አንድ ቀን ዝናቡ ጋብ ብሎ ፀሐይ ወጣች። ከማዶው ተረተር ላይ አንድ ጎረቤታችን ለጤፍ አረም ደቦ ጠርቶ ስለ ነበር የተራራው ሰው በሙሉ ወደዚያ ተሻገረ። ከብቶቹም እዚያው ማዶ ይግጡ ነበር። አሮጊቶቹና ሕፃናቱ ለፍልሰታ ቅዳሴ ወደ ማርያም ሄደዋል። እኛ ወጣቶቹ ከጾሙ ወተቱንና ቅቤውን እንተዋለን እንጂ ሰዓቱን እስከ ቅዳሴ መውጫ የምንጠብቅ አልነበርንም፤ ቆሏችንን ቆርጥመን አረማችንን ያዝን። ባለቤቴ ድምፀ መልካም ነበርና ግጥም እያወረደ እኛ እንቀበለዋለን።

ድንገት ከመሬት ሆድ የሚወጣ ጉርምርምታ ሰማን። ነጎድጓድ መስሎን ሰማዩን አየን፤ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ከዚያ አንዲት ሴት በእጇ ወደ ቤታችን አቅጣጫ ጠቆመች። መጀመሪያ ያየሁት ዛፎቹን ነው። ወይራዎቹ እንደ ቆሙ፣ ቅጠላቸው እንኳ ሳይረግፍ፣ እንደ ሰው ቁልቁል ይሄዱ ነበር። ከነሱ ቀጥሎ ቤታችን ተንቀሳቀሰ። ወዲያው አልፈረሰም። ክዳኑ እንደ ተከደነ፣ ጠዋት ካዳፈንሁት እሳት የሚወጣው ጢስ በጣሪያው ላይ እየተነነ፣ ተጓዘ። ከዚያ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አለና አፈሩ ከላይ መጥቶ እንደ ሊጥ አለበሰው። ማሳችንም፣ ጎተራችንም፣ ምንጯም፣ ሁሉም ወደ ገደሉ ወረደ። አቧራ አልነበረውም፤ እርጥብ ነው። የቀረው ቀይ፣ የተላጠ ተራራ ነው።

ባለቤቴ በጭቃ የተለወሰ እጁን አንጠልጥሎ ቆመ። እኔ ያሰብሁት፣ ዛሬ ለመናገር እንኳ ያሳፍረኛል፣ ስለ ፈተልሁት ጥጥ ነበር። ከዚያ ባለቤቴ እናቴስ አለ፤ ሰዎቹ ቤተ ክርስቲያን ናቸው ሲሉት ሩጫ ጀመረ፤ እኔም ተከተልሁት።

ማርያም በሌላው ጉብታ ላይ ናት። ስንደርስ ቅዳሴው ገና አልወጣም ነበር። አማቴ ድምፁን ሰምተው፣ ወደ በሩ ወጥተው አይተው፣ ተመልሰው ገብተው ቆመው ነበር። ቅዳሴው ሲያልቅ ወጡና በሁለቱ እጆቻቸው የልጃቸውን ፊት፣ ቀጥሎ የኔን ፊት ዳሰሱ።

"እሜቴ፣ ቤታችን ሄደ" አልኋቸው።

"አይቻለሁ፤ እናንተ አላችሁ" አሉኝ። ከነጠላቸው ጫፍ የቋጠሩትን የቤተ ክርስቲያን ዳቦ ፈትተው ለሁለታችን ቆረሱልን። "ብሉ፤ አፈሩ እኛን ፈልጎ ቢመጣ ከቤት አጣን።"

ይህን ብለው ሳቁ። እንባቸው እየወረደ ነበር፤ ግን ሳቁ። እኔ ተናደድሁ። ሰው ቤቱ ተቀብሮ እንዴት ይሥቃል ብዬ ዳቦውን ይዤ ሳልበላ ቆየሁ።

ከተራራው ላይ የነበሩት ሌሎች ቤቶች በወዲያኛው ጎኑ ስለ ነበሩ ተርፈዋል። ሰው አልሞተም። ከብቶቻችንም አሉ። ሰዉ ሁሉ የማርያም ተአምር ነው ይል ጀመር። የእኔ ውስጥ ግን፣ እኛን ለማትረፍ ከሆነ ተራራውን ለምን አላቆመውም ይል ነበር።

ክረምቱ እስኪወጣ ያስጠጉን በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ነው። ደጀ ሰላም ከበሩ አጠገብ ያለች፣ ካህናቱ ከቅዳሴ በኋላ ተቀምጠው እህል ውሃ የሚቀምሱባት ጎጆ ናት። ግማሿን ለእኛ በሸንበቆ ከለሉልን። ያመጣነው ነገር አልነበረም፤ የለበስነው ልብስ ብቻ ነው። ጎረቤቶቻችን ግን አልተዉንም። አንዱ ሽሮ፣ አንዱ ቆሎ፣ አንዷ እንጀራ በሞሰብ ታመጣልን ነበር። ከገበያ መንደር ጨው ይዞ የሚዞር አንድ ሙስሊም ነጋዴም ወሬውን ሰምቶ፣ ከመንገዱ ወጥቶ መጥቶ፣ ጨውና አንድ ጋቢ ከበሩ አስቀምጦ አላህ ይተካላችሁ ብሎን ሄደ። ግን ማንም ከዕለቱ የሚተርፍ ሊያመጣ አይችልም፤ ክረምት ነው፤ የሁሉም ጎተራ ተሟጧል። ዛሬ የመጣውን ዛሬ እንበላለን፤ ነገ የሚመጣውን አናውቅም። ጎተራ ሞልቶ ላደግሁት ለእኔ ይህ ነገር እንደ ብርድ ይሰማኝ ነበር።

ከአጥር ውጭ ሆኜ ሩቅ የምሰማው ቅዳሴ አሁን ከመኝታዬ ሥር ሆነ። ልሽሽ ብል የት እሄዳለሁ? ሕፃናቱ ነጭ ለብሰው፣ በእናቶቻቸው ጀርባ ሆነው ለመቁረብ ሲመጡ በደጄ ያልፋሉ። ካህኑ ከቅዳሴ በኋላ ለሰዉ ውዳሴ ማርያም ይተረጉማሉ። እኚህ ካህን የአማቴም የኛም የነፍስ አባት ነበሩ፤ ራሳቸው አርሰው የሚበሉ፣ መዳፋቸው የሻከረ፣ ሳቃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሰው። ናዳው የሳቸውንም የባቄላ ማሳ ወስዶት ነበር።

አንድ ቀን ያስተማሩት ወንጌል ቤቱን በአለት ላይ ስለ ሠራው ብልህ ሰውና በአሸዋ ላይ ስለ ሠራው ሰነፍ ሰው ነበር። ትምህርቱ አልቆ ካህናቱ ወደ ደጀ ሰላሟ ሲገቡ ባለቤቴ ተነሥቶ እጅ ነሣና፣ "አባ፣ የእኛ ቤት እኮ አለት ላይ ነበር። አለቱም አብሮ ሄደ" አላቸው።

እኔ አንገቴን ደፋሁ። ካህኑ ግን ሳቁ፤ ጥምጣማቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። ባለቤቴም ሳቀ፤ ናዳው ከወረደ ወዲህ ሲሥቅ ያኔ ገና ማየቴ ነበር።

"እንግዲያስ ያ አለት አይደለም ልጄ። ጌታችን የነገረን ስለ ሌላ ነው። እኔም የባቄላዬን ማሳ እንደዚያ አምኘው ነበር፤ አብረን ተሞኘን" አሉት።

ያን ጊዜ እኔም ድፍረት አገኘሁና የያዝሁትን ጥያቄ አወጣሁት። እኛን ካተረፈ ተራራውን ለምን አላቆመውም፣ ሌላ አገርስ ናዳ ወርዶበት የሚያልቀው ሕዝብ ምን አጥፍቶ ነው አልኋቸው። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። አልተቆጡም። ይህን እኔ አላውቀውም አሉኝ፤ አውቃለሁ የሚልሽ ቄስ ካለም እንዳትሰሚው አሉኝ። እኔ የማውቀው ከወደቀ ሰው ጋር አብሮ የሚወድቅ አምላክ እንዳለን ነው፤ መስቀል ላይ የወጣውም ለዚያ ነው፤ አሁን ደግሞ ጸሎታችንን እናድርስና እንብላ አሉ።

ሁላችንም ተነሥተን አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርን። ከልጅነቴ ጀምሮ በግእዝ የምደግመው ጸሎት ነው፤ ትርጉሙን ጠይቄ አላውቅም፤ እንደ ዘፈን ካፌ ይወርዳል። "ሲሳየነ ዘለለ ዕለትነ ሀበነ ዮም" ስንል ካህኑ ቆም አሉና እኔን አይተው፣ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቂያለሽ አሉኝ። አላውቅም አልኋቸው። የዕለት ምግባችንን ዛሬ ስጠን ማለት ነው አሉኝ።

ከፊቴ ያለውን ሞሰብ አየሁ። አንዲት ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን በዚያው ጠዋት ያመጣችው ነው። የዕለት ምግባችን። ለዛሬ የሚበቃ፣ ለነገ የማይተርፍ። ስለምነው ኖሬ ተሰጥቶኝ የማላውቅ የመሰለኝ ነገር ያ ነበር፤ ለካስ በየቀኑ ሲሰጠኝ ኖሯል፤ ጎተራው ከልሎኝ ሰጪውን አላየሁትም። ከዚህ በላይ የማወራው ራእይ የለኝም። ብርሃን አልወረደም፤ ድምፅ አልሰማሁም። ያን እንጀራ ግን ስቆርስ ከሆዴ ደስታ ፈልቆ መጣ፤ አማቴን አየሁና ሳቅሁ። እሳቸውም ያወቁ መሰለኝ፤ በክርናቸው ነካ አደረጉኝና ብይ አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ አልቀረሁም። ውሃ ስቀዳም፣ ጭቃ ስረግጥም ዜማው አብሮኝ ይውላል። ባለቤቴ ከሰው ጋር ሆኖ ናዳውን እየቆፈረ የቤቱን እንጨት ያወጣ ነበር። አንድ ቀን የበሩን ሳንቃ ግማሽ ተሸክሞ መጣ፤ ከኋላው ደግሞ ከዶሮዎቻችን አንዷ ጭቃ ተለውሳ፣ እንደ ባለርስት እየተንጎራደደች ትከተለው ነበር። እንዴት እንደ ተረፈች የሚያውቅ የለም። ካህናቱ ሳይቀሩ ወጥተው አዩዋት፤ ፋሲካም ሆኖ ማንም አላረዳትም።

መስቀል ሲያልፍ፣ ወንዞቹ ሲጎድሉ፣ አባቴ ከእስቴ መጡ። በሁለት አህያ ገብስና ዘር አስጭነው፣ ራሳቸው በበቅሎ። የተላጠውን ተራራ ቆመው ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ ደጀ ሰላሟ ገብተው ሸንበቆውን፣ የተዘረጋውን ሣር፣ የኔን የተቀደደ ቀሚስ አዩ። ባለቤቴ አህዮቹን ሊያራግፍ ወጣ። አባቴ አማቴን በክብር ጠየቋቸውና ወደ እኔ ዞሩ።

"ልጄ፣ እኔ አንችን የሰጠሁት ያን ቤት አይቼ ነው። ዛሬ ቤቱም መሬቱም የለም፤ ጥፋቱም የማንም አይደለም። ሰማንያ ይፈታል። ዘሩን ትቼላቸው አንችን ይዤ እመለሳለሁ" አሉ።

አማቴ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ ቢወስዷት አልቀየምዎትም፣ የወለደ ሰው እንዲህ ነው አሉ። እኔ ምን እንደምል አላሰብሁም ነበር። እንዲህ ስል ራሴን ሰማሁት፦

"አባባ፣ አልሄድም። እኛ ቁርባን ልንቆርብ ነው።"

አባቴ እጃቸውን ግንባሬ ላይ አኖሩ። "ያምሻል እንዴ?"

"አያመኝም።"

ባለቤቴ ጆንያ ተሸክሞ በሩ ላይ ቆሟል። ስለ ቁርባን አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። አባቴ ወደ እሱ ዞረው እውነት ነው ወይ አሉት። ጆንያውን ቀስ ብሎ አወረደ፤ እኔን አየኝ፤ ከዚያ እሳቸውን።

"እኔም አሁን ነው የሰማሁት፤ ግን እውነት ነው" አለ።

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው ይነቀነቅ ነበር፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አላወቅሁም። አባቴ ተቀመጡ። ምሳ ቀረበላቸው፤ የሰው እጅ ያመጣው ምግብ መሆኑን ሲያውቁ ጥቂት ቀምሰው አመሰገኑ። ሲመለሱ አንዱን አህያ ጥለውልን ሄዱ። እንዳልተቀየሙ በዚያ ገባኝ።

ካህኑ ስንነግራቸው ደስ አላቸው፤ ግን አልተቻኮሉም። የማይፈታ ነገር ነው፤ እስከ ጥምቀት አስቡበት አሉን። ንስሐ ሰጡን፤ ስግደትና ጾም አዘዙን። የባለቤቴ ጓደኞች ቀልዱን አወረዱበት፤ መነኩሴው መጡ እያሉ በየደቦው ይነሡለታል። እሱም ግጥም ፈጥሮ ይመልስላቸዋል። የባለቤቴ ዘመዶች ተሰብስበው ከወንዙ ማዶ፣ ከሜዳማው ርስት ላይ ቆርሰው ማሳ ሰጡን። ገና ሲያልፍ ሰዉ በደቦ ወጥቶ ቤት ሠራልን፤ ትንሽ ጎጆ፣ ግድግዳው እንጨትና ጭቃ። ባለቤቴ ለእንግዳ የሚያሳየው አልነበረም። ምሰሶው ሲቆም ግን እልልታውን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ቆረብን። ተክሊል ለደናግል ስለ ሆነ አክሊል አልደፋንም፤ የተውሶ ነጭ ለብሰን፣ እኔ ከሴቶቹ ወገን እሱ ከወንዶቹ ወገን ቆመን፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ከሚቀበሉበት ሰልፍ ገባን። በእኛ ዕድሜ ያለ ሌላ ሰው ሰልፉ ላይ አልነበረም። ሥጋ ወደሙን ተቀብዬ አፌን በነጠላዬ ሸፍኜ ስመለስ የባለቤቴን ዓይን አየሁት፤ በሠርጋችን ቀን እንዲህ አላየኝም።

የረሳነውን ነገር ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው። ቆራቢ በቆረበበት ቀን ወንዝ አይሻገርም። አዲሱ ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነው፤ ድግሱም፣ ዳሱም፣ እንግዳውም እዚያ ነው። እኛ ከዚህ ዳር ቆመን፣ ሰዉ ከዚያ ዳር ቆሞ ተያየን። አባቴና እናቴ ከእስቴ መጥተው እነሱም ማዶ ናቸው። ካህኑ ሳቃቸው አምልጧቸው፣ እኔ አልፈታችሁም፣ ሥርዓት ነው አሉ። አማቴ በበኩላቸው ሙሽሮቹ ካልሄዱ ሠርጉ ይምጣ ብለው ተጣሩ።

ሠርጉም መጣ። ሴቶቹ ሞሰቡን በራሳቸው፣ ወንዶቹ የጠላውን ጋን በሸክም አድርገው ወንዙን ተሻገሩ። አባቴ፣ በቅሎ ካልሆነ የማይሄዱት ሰው፣ ሱሪያቸውን ሰብስበው የወጥ ድስት ተሸክመው በውሃው መካከል መጡ። እናቴ ከኋላቸው ሆና እንዳያንሸራትታቸው ትጮኻለች። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው መስክ ላይ ተበላ፤ ተጠጣ፤ ከበሮ ተመታ። አማቴ ወገባቸውን ይዘው ሲጨፍሩ ያየ ሁሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እናቴ ጎኔ መጥታ ተቀመጠችና በጆሮዬ፣ ካህኑ ከሌላ አገር ለመጣ ሰውም ንስሐ ይሰጣሉ ወይ አለችኝ። ራስሽ ጠይቂያቸው አልኋት። ሄዳ ጠየቀች። አባቴም ሩቅ ቆመው የማይሰሙ መስለው ይሰሙ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ወንዙን ተሻግረን ወደ ጎጆአችን ገባን። ቀጣዩ ክረምት ሲገባ ጣሪያዋ አፈሰሰ፤ መኝታችንን ከጥግ ወደ ጥግ እየጎተትን ከረምን። ከዚያ ወዲህ በረዶ የመታው ሰብል አይተናል፤ የቀበርነውም ልጅ አለ። ማመን ከዚህ ሁሉ አላስጣለኝም፤ ያስጥለኛል ያለኝም የለም። አማቴ የኋላ ኋላ አርጅተው ዓይናቸው ሲደክም እጃቸውን ይዤ ወደ ቅዳሴ እወስዳቸው ነበር፤ በመንገዱ ሁሉ እያወራን፣ እየሣቅን።